የዲቲኤፍ ፕሪንተሬ ነጭ ቀለም ተዘጋብኝ

ሰላም ወገኖች። ቲሸርት የማትምበት ባለ አንድ ሄድ (ቀለም የሚረጨው ክፍል) ኤ3 ዲቲኤፍ ፕሪንተር አለኝ፤ ዲዛይኑ መጀመሪያ ፊልም ላይ ታትሞ ከዚያ በሙቀት ጨርቅ ላይ የሚለጠፍበት ማለት ነው። ክፍለ ሀገር ቤተሰብ ጥየቃ ሄጄ 9 ቀን ሳይሠራ ቆመ። ነጩን ታውቁታላችሁ፤ ውስጡ ያለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ካልተናወጠ ይዘቅጣል። ስመለስ ሌሎቹ ቀለሞች ደህና ናቸው። የነጩ ኖዝል ቼክ (የቀለም ቀዳዳዎቹ መሥራታቸውን የሚያሳየው የሙከራ ህትመት) ግን ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ መስሏል።

ሄድ ክሊኒንግ 3 ጊዜ አደረግኩ። ከዚያ በላይ ቀለም ማባከን ነው ብዬ ተውኩት። የነጩን ዳምፐር (ቀለሙ ወደ ሄዱ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበትን ትንሽ ማጣሪያ) ቀየርኩ። ካፑን (ሄዱ ሲቆም የሚያርፍበትን ክዳን) በማጽጃ ፈሳሽ ሞልቼ ሄዱን እላዩ ላይ አሳደርኩት። ጥቂት መስመር ብቻ ተመለሰ።

ትናንት ፕሪንተሩን ከሶኬት ነቀልኩ። የሄዱ ሪባን ኬብል (ጠፍጣፋው የኤሌክትሪክ ገመድ) እንዳይረጥብ በደረቅ ጨርቅ ሸፈንኩት። ከዚያ በ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅና በለስላሳ ቱቦ ማጽጃ ፈሳሹን በሄዱ የነጭ ቀለም መግቢያዎች ቀስ አድርጌ ገፋሁ። በአንዱ በኩል ጠብ ጠብ አለ። ሌላው ግን አውራ ጣቴን መልሶ ገፋው። ፈራሁና አቆምኩ። ሄዱ ከተበላሸ አዲስ መግዣ የለኝም፤ የ40 ተመራቂዎች ቲሸርት ደግሞ ለቅዳሜ ይፈለጋል።

በእጃችሁ ሠርታችሁ የምታውቁ፣ እንዲህ እምቢ ያለ መግቢያ በሲሪንጁ ወደ ኋላ ሲሳብ ነው የሚከፈተው ወይስ ፈሳሹን ውስጡ አሳድሮ እንደገና ቀስ ብሎ መግፋት ይሻላል?