ላይቤሪያ፦ ከመሣሪያው ይልቅ ተመዝጋቢው ለምን በዛ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለቤቱ። በላይቤሪያ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የተመድ ጦር ተዋጊዎችን ትጥቅ ሲያስፈታ ከ100,000 በላይ ሰው ተመዝግቦ የተሰበሰበው መሣሪያ 28,000 ገደማ ነው። ሌላው ተደበቀ ማለት ነው?

ምሽግ፦ የተደበቀም አይጠፋም፤ ዋናው ግን መስፈርቱ ነው። አንድ ጠመንጃ ወይም 150 ጥይት ያስረከበ ይመዘገብ ነበር። የተዋጊዎቹ አዛዥ የጥይት ሣጥን ከፍቶ ለማይዋጋ ሰው ያድላል፤ ለተመዝጋቢው ከሚከፈለው 300 ዶላር ድርሻውን ይቆርጣል። ሴቶችና ሕፃናት ያለ መሣሪያም ይገቡ ነበር። ይሄኛው ግን ተገቢ ነው፤ ስንቅ አብሳይና ተሸካሚም የጦሩ አካል ነበሩ።

አንጋፋ፦ አጀማመሩንም አትርሱ። ዲሴምበር 7 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ትጥቅ ማስፈቻው የሼፍሊን ካምፕ ሲከፈት ከተፈቀደው 15,000 የተመድ ወታደር ግማሹ እንኳ አልገባም። ተዋጊው መሣሪያ አስረክቦ ወዲያው ብር የሚቆጠርለት መስሎት ጎረፈ። ካምፑ ከአቅሙ በላይ ሆነ፣ ተኩስ ተከፈተ፣ ሰው ሞተ። 75 ዶላር ቅድሚያ መክፈል ግድ ሆነ፤ ሥራው ተቋርጦ የቀጠለው በኤፕሪል 2004 ነው።

ጠያቂ፦ ታዲያ ጥይቱን መከልከል ነበረባቸው?

ምሽግ፦ መረከቡን ይረከቡ፤ ብቻውን ግን አያስመዝግብ። ጠመንጃ ይዞ የመጣውንም፣ እውነት ተዋጊ መሆኑ እንዲታይ፣ ፈታቶ እንዲገጥም ማዘዝ፣ የመለያ ቁጥሩን መመዝገብ፣ መሣሪያውን እዚያው ከጥቅም ውጭ ማድረግ።