ቄሶች በመምህራን ሥልጠና፦ እንግዳ ወይስ አስተማሪ?

የአሽዶድ አባት፦ ባለፈው ሳምንት በልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ የአይሁድ ትምህርት አስተባባሪዋ መምህራኑ ዘንድሮ የሚወስዱትን ሂሽታልሙት (የሥራ ላይ ሥልጠና) ስትዘረዝር ሰማሁ። ታልሙድ (የጥንት ረቢዎች ትምህርት) አለ፣ ሃላካ (የአይሁድ ሃይማኖታዊ ሕግ) አለ፣ የአሽከናዝና የስፋራድ አይሁድ ልማድ አለ፤ የእኛ የቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁድ) ድርሻ ግን በበዓላችን በስግድ ሰሞን አንድ የማኅበረሰባችን ቄስ ተጋብዘው የሚናገሩባት አንዲት ሰዓት ናት። የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት ስግድን በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ ብሔራዊ በዓል ካደረገው በኋላ እንኳ፣ ቄሱ ለመምህራን ባርከው የሚሸኙ እንግዳ ሆነው መቅረታቸው እንዴት አያስቆጣም?

የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ ቁጣህ ይገባኛል። ነገር ግን ሥልጠናው ለመምህሩ የደረጃ ዕድገትና ለደመወዙ የሚታሰብ ስለሆነ፣ የንባብ ዝርዝር፣ ምዘናና ክፍል ውስጥ የሚሠራበት የትምህርት ዕቅድ ይጠየቅበታል። እውነቱን ለመናገር፣ ቄሶቻችን ያላቸው ትዝታ ነው እንጂ ሥርዓተ ትምህርት አይደለም።

የአምቦበር ልጅ፦ ትዝታ አሉ? በልጅነቱ ከቄስ እግር ሥር ተቀምጦ ዳዊት የደገመ፣ ከዚያ ኦሪትን በግዕዝ እያነበበ ለምእመኑ በአማርኛ ወይም በትግርኛ የሚተረጉም ሰው ያለው ትዝታ ከሆነ፣ የየሺቫው (የረቢዎች ትምህርት ቤት) ትምህርትስ ምን ሊባል ነው? ስለ ሰንበት የሚናገረውን መጽሐፋችንን ትእዛዘ ሰንበትን ገልጦ ያላየ መምህር ስለ ሰንበት አከባበራችን ለልጆቻችን ሊነግር ሲቆም ግን «ባለሙያ» ይባላል።

የታናክ (የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ) መምህርት፦ ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12ን ስናስተምር፣ ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ ተማሪ «አያቴ በፋሲካ በግ ያርድ ነበር» አለች። ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ባልደረባዬ «ቤተ መቅደስ ከፈረሰ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎ ወደ ሚቀጥለው ቁጥር አለፈ። ክፋት አልነበረበትም፤ በተማረበት ሁሉ ማንም ስላልነገረው ነው። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ «የኦሪት ጠባቂዎች» የተባለው የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብር የእኛ ትውፊት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሊጠና እንደሚችል አሳይቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እንዲህ ያለው ትምህርት የሚስበው በአብዛኛው የራሳችንን ልጆች መሆኑ ነው፤ መማር የነበረበት ያ ባልደረባዬ ነው።

የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ፦ እህቴ የተናገረችው የእኔን ሐሳብ ያጠናክራል፤ ዩኒቨርሲቲው የቄሶችን ቃል ወደ ጥናት ለውጦታል። ትዝታ ያልኩት ለመናቅ አይደለም። ደግሞስ ማን ይመረጣል? ቄሶቹ ወይስ ከእኛው ወጥተው የሺቫ የተማሩት ረቢዎች?

የአምቦበር ልጅ፦ ይኸው መጣ! የስፋራድ ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 እ.ኤ.አ. አይሁድነታችንን ካረጋገጡ በኋላ፣ ወገኖቻችን በ1985 እ.ኤ.አ. አይሁድነታቸውን ለማጽናት በውኃ እንዲነከሩ የቀረበባቸውን ጥያቄ ተቃውመው ኢየሩሳሌም ላይ በረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት የተቀመጡት ለምን ነበር? ቄሶች የጋብቻ ሥልጣን ተነፈጉ፣ አሁን ደግሞ የማስተማሩን ሥልጣን «ትዝታ» ብለው ይወስዱባቸዋል።

የአሽዶድ አባት፦ የጋብቻውን ነገር ለሌላ ቀን እናቆየው። እኔ የምጠይቀው ሥልጠናው ግዴታ እንዲሆን፣ ቄሱም ከዩኒቨርሲቲው መምህር ጎን ተቀምጠው እንዲያስተምሩና እንደ እርሱ እንዲከፈላቸው ነው።

የታናክ መምህርት፦ ክፍያውን እደግፋለሁ፤ ግዴታውን ግን እፈራለሁ። መምህር ሰዓት ለመሙላት ብቻ የሚቀመጥበትን ሂሽታልሙት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቄሱ ሲያነቡ ከኋላ ወንበር ፈተና የሚያርም አይጠፋም።

የአምቦበር ልጅ፦ ያርም። ባለሙያው ግን ገና አልመለሱልኝም፦ ቄሱ ዓመቱን ሙሉ ካስተማሩ በኋላ መምህሩ ማለፉንና መውደቁን የሚወስነው ማን ነው፣ እርሳቸው ወይስ ትዝታቸውን ያጠናው ፕሮፌሰር?