ታቦት «ተደፈረ» ነው ወይስ «ረከሰ»?

የለንደኑ አጎት፦ ድፍረት አይሁንብኝና አንድ ቃል ላስቸግራችሁ። እዚህ የተወለደው የእህቴ ልጅ ለትምህርት ቤት ስለ ታቦቶቻችን እየጻፈ ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 አሉ፤ ብዙዎቹ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው። ለእይታ አይወጡም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩዋቸውም። ልጁ «ሳክሪሌጅ (የተቀደሰን ነገር ማዋረድ) በአማርኛ ምንድን ነው?» ሲለኝ «መድፈር» አልኩት። ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ደንግጦ መጣ። «አጎቴ፣ ይሄ እኮ ሴት ስለማጥቃት ነው!» መልስ አጣሁ። «ማርከስ» ልበለው?

የቆሎ ተማሪ የነበርኩ፦ ወንድሜ፣ አልተሳሳትክም። ዖዛ በሬዎቹ ሲፋንኑ ታቦቱ እንዳይወድቅ ብሎ በእጁ ያዘው። የተቀሠፈው ግን «ስለ ድፍረቱ» ነው (2ኛ ሳሙኤል 6)። እንግዲህ ድፍረት ክፋት አያስፈልገውም፤ ወሰን ማለፍ ይበቃዋል። ማርከስ ሌላ ነው። ሰውየው ከሄደ በኋላም ነገሩ ላይ የሚቀረውን እድፍ ነው የሚናገረው። ታቦት በጳጳስ ተባርኮ፣ ሜሮን ተቀብቶ ነው የሚከብረው። ያልተገባ እጅ ከነካው እንደገና መባረክ አለበት። ስለ ዘራፊው ስትጽፉ «ደፈረ»፣ በታቦቱ ላይ ስለደረሰው ስትጽፉ «ረከሰ» በሉ።

እትዬ፦ አንድ ቃል ለሁሉም አይሆንም እኮ! ጾም ይገደፋል፣ ሰንበት ይሻራል፣ ግዝት ይጣሳል፣ መሐላ ይፈርሳል። እናቴ «ሰንበት ደፈረ» የሚል ሰው ብትሰማ በሳቅ ትሞት ነበር። ታቦት ግን ይደፈራል። ከጥንትም የምንለው እንደዚያ ነው፤ ጋዜጣው ነው ቃሉን ለፍርድ ቤት ወሬ ብቻ ያደረገው።

የደሴው፦ እኛም መስጂድ ተደፈረ እንላለን። ልጁ ካፈረ ግን አንዲት «ዳ» ትገላግለዋለች፦ «ተዳፈረ»። «ቁርኣን ላይ ተዳፈረ» ሲባል ማንም ሌላ ነገር አያስብም። አጎት፣ ራስህስ «ድፍረት አይሁንብኝ» ብለህ አይደል የጀመርከው?

የለንደኑ አጎት፦ ያዝከኝ! ሳላስበው ነው ያልኩት። «መዳፈር» ብሎ ጽፏል፤ የእትዬንም ዝርዝር ከሥር አስገብቶታል። አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጥቷል፦ «ማንም የማያያቸው ከሆነ ለምን ያስቀምጧቸዋል?» የሙዚየሙ ሕግ አይፈቅድም ይላሉ አልኩት። «ሕጉን ማን አወጣው?» አለኝ። ሻይ ላፈላ ተነሣሁ።