የባዮጋዝ ምድጃ ላይ የሴራሚክ ፎም ካታሊስት ቢገጠም ያዋጣል?

ብየዳ ቤት፣ ሱሉልታ (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖች። ሱሉልታ ውስጥ ለወተት አርቢዎች የባዮጋዝ ምድጃ እሠራለሁ። የሲሊንደር ጋዝ ምድጃ ገዝተው ያመጡልኛል፤ እኔ ኖዝሉን (የጋዝ መውጫ ቀዳዳውን) አስፍቼ ለእበት ጋዝ አስተካክለዋለሁ። አንዲት ደንበኛዬ እንጀራ የምትጋግርበት ምድጃ ግን ነበልባሉ ጫፉ ላይ ቢጫ ይላል። ጋግራ ስትነሳ ራሷን ያማታል። ሰሞኑን በቪዲዮ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ የሴራሚክ ፎም ላይ ካታሊስት (ጋዝ በቀላሉ እንዲቃጠል የሚረዳ ነገር) ቀብተው ጋዝ ያለ ነበልባል ሲያነዱ አየሁ። ፎሙ ብቻ ቀልቶ ይግላል፤ ጭስ የሚባል የለም። እሱን ብገጥምላት ይፈታል? ካታሊስቱንስ ከአሮጌ መኪና ማርሚታ አካባቢ ከሚወጣው ማውጣት ይቻላል?

ኬሚካል መሐንዲሷ፦
ወንድሜ፣ ከሁሉም የሴትዮዋ ራስ ምታት ይቀድማል። ቢጫ ነበልባልና ራስ ምታት አብረው ከመጡ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው ብለህ ተነሳ። ሽታ የለውም፣ አይታይም። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎች የሚሞቱት በእሱ ነው። ዛሬውኑ ደውልላት፤ እስክታስተካክለው ድረስ አትጋግርበት።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ፎሙ ራሱ ካታሊስት አይደለም፤ ተሸካሚው ነው። ከ80 እስከ 90 በመቶው ባዶ ቦታ ነው። ላዩ ስስ አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ይለበሳል፤ በዚያ ላይ ፓላዲየም ወይም ፕላቲነም የሚባል ውድ ብረት በጥቂቱ ይበተናል። ጋዙና አየሩ በጠማማው መንገድ ሲያልፉ በደንብ ይደባለቃሉ፤ የሚቃጠሉትም እዚያው ገጹ ላይ ነው። ትልቁ ጥቅም ሙቀቱ ልክ መያዙ ነው። የሚቴን (የባዮጋዝ ዋናው ተቀጣጣይ ጋዝ) ነበልባል እስከ 1950 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። ከ1500 በላይ ሲሆን ደግሞ የአየሩ ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይበዛል። በካታሊስት ከ1000 ዲግሪ በታች ማቃጠል ስለሚቻል ይህ በካይ ከቁጥር የሚገባ አይሆንም።

ለአንተ ግን እንቅፋቱ ድኝ ነው። የእበት ጋዝ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለ፤ ያ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው። ለሚቴን ከሁሉም የሚሻለው ፓላዲየም ነው፤ ድኝ የነካው ፓላዲየም ግን ይደክማል። ሌላም አለ። ሚቴን ግትር ጋዝ ነው። ፓላዲየም ላይ እንኳ ለመያያዝ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ፎሙ ሳይሞቅ የሚለቀቀው ጋዝ ሳይቃጠል ወደ ቤት ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ በነበልባል ማሞቅ ግድ ነው።

ጋራዥ ያለው፦
የመኪናውን ካታሊስት እርሳው። ውስጡ ቀጥ ያለ የማር እንጀራ ቀዳዳ ነው እንጂ ፎም አይደለም። አሮጌ ከሆነ ደግሞ የዘይት አመድና ጥቀርሻ ጠጥቷል። ስትሰብረው የሚነሳው ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው። ምግብ የሚሠራበት ቦታ ፈጽሞ አይግባ።

ብረት ቀላጭ፦
ፎሙ ብርቅ አይደለም። እኛ የቀለጠ ብረት የምናጠራው በእሱ ነው። የስፖንጅ ፍራሽ የሚሠራበትን ዓይነት ፎም በሴራሚክ ጭቃ ነክረው፣ ጨምቀው፣ አድርቀው ይተኩሱታል። ስፖንጁ ተቃጥሎ ይጠፋል፤ ቅርጹ በሴራሚክ ይቀራል። መሞከር ከፈለግህ የብረት ማጣሪያውን፣ ጥቁሩን የሲሊኮን ካርባይድ ፈልግ። ድንገት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቶሎ አይሰነጠቅም። ነጩ ለአሉሚኒየም ማቅለጫ የሚሠራ ነው፤ ለእሳት አፍ አልታሰበም።

ከጀርመን፦
ብረት ቀላጩ ልክ ነው። ያለ ካታሊስትም ፎም ብቻውን ብዙ ይሠራል። እዚህ ኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ ፎም ውስጥ የሚነድ በርነር (የእሳት አፍ) ላይ ብዙ ሠርተዋል። አሠራሩ ሁለት ንብርብር ነው። ከታች ቀዳዳው ደቃቅ ነው፤ እሳቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያግዳል። ከላይ ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ እሳቱ እዚያ ይቀመጣል። የቃጠሎው ሙቀት በፎሙ በኩል ወደ ታች ተመልሶ የሚመጣውን ጋዝ ቀድሞ ያሞቀዋል። ካርቦን ሞኖክሳይዱም ናይትሮጅን ኦክሳይዱም የሚቀንሰው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ቪዲዮው ላይ አይታይም፤ ከጀርባው ብሎወር (አየር የሚነፋ ማራገቢያ) አለ። ፎም ለአየር ተቃውሞ አለው። የጓሮ ባዮጋዝ ግፊት አየሩን ራሱ ስቦ በደቃቅ ፎም ውስጥ ለመግፋት አይበቃም። ያለ ብሎወር ከገጠምከው አየሩ ይበልጥ ያንሳል፤ መርዙ ይብሳል።

የባዮጋዝ ቴክኒሺያን፦
እኔ ፎሙን ለጊዜው አቆየው ባይ ነኝ። ችግሩ አየር ነው። 60 በመቶ ሚቴን ያለው ባዮጋዝ አንድ ሊትር በሙሉ ለመቃጠል ወደ 6 ሊትር የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። ኖዝሉን ከልክ በላይ ካሰፋኸው ጋዙ በዝቶ ግፊቱ ይሞታል፤ አየር የሚስብ ጉልበት ያጣል። ሱሉልታ ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተለካ ምድጃ እዚያ ሲወጣ አየር ያጥረዋል።

እንዲህ አድርግ። ኖዝሉን አጥብበህ ጀምር። የአየር ማስገቢያውን ቀለበት ሙሉ በሙሉ ክፈት። ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ከቀዳዳው ሳይነሳ እስኪቆም ድረስ ኖዝሉን በትንሽ በትንሹ አስፋ። ምጣዱ በርነሩ ላይ ተጭኖ እንደሆነም እይ። ቀዝቃዛ ምጣድ የነካው ነበልባል ሳይጨርስ ይቆማል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ከዚያ ይወጣል። ምጣዱን ከፍ አድርገው፤ ለጭሱም መውጫ ተውለት።

ድኙን ለማጣራት ቧንቧ ውስጥ የዛገ የብረት ፍቅፋቂ ሞልተህ ጋዙን በዚያ አሳልፈው። ዝገቱ ድኙን ይይዛል። ካታሊስት ባትገጥም እንኳ ለበርነሩም ለሴትዮዋ ዓይንም ይጠቅማል።

ብየዳ ቤት፣ ሱሉልታ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ደወልኩላት፤ ዛሬ ጎረቤት ቤት ትጋግራለች። ነገ ኖዝሉን ቀይሬ ምጣዱን ከፍ አደርጋለሁ። ለወተት ማቀነባበሪያ ሰዎች የሙቅ ውሃ ማሞቂያ እንድሠራ ተጠይቄያለሁ፤ እዚያ መብራት አለ። ፎሙን እዚያ ብሞክረውስ?

ኬሚካል መሐንዲሷ፦
ለፎም ትክክለኛው ቦታ እሱ ነው። ብሎወር ይኖርሃል፣ ጭስ ማውጫ ይኖርሃል፣ ማንም አፍንጫውን አይደቅንበትም። እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን የሚዘጋ መቆጣጠሪያ ግን የግድ ነው። በሁለት ንብርብር ፎም ጀምር፤ ካታሊስት አትቀባ። ድኙ መጣራቱን ካረጋገጥክ በኋላ ካታሊስቱን እናወራለን። ያኔም ከፓላዲየም ይልቅ የማንጋኒዝና የላንታነም ኦክሳይድ ይረክሳል፤ ቅልጥፍናው ግን ያንሳል። የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ግዛ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰዓት የሚፈቅደው 35 ሚሊግራም በሜትር ኩብ ነው፤ መለኪያህ ላይ 30 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 30) ገደማ ይሆናል። ማሞቂያው ያለበት ክፍልም የሴትዮዋ ኩሽናም ውስጥ ለካ።

ብየዳ ቤት፣ ሱሉልታ፦
ዝገቱ መቼ ነው የሚቀየረው?

የባዮጋዝ ቴክኒሺያን፦
ሲጠቁር፣ ወይም ከማጣሪያው ያለፈው ጋዝ እንደገና መሽተት ሲጀምር። መጀመሪያ ጋዙን ዝጋ። ያወጣኸውን ውጭ፣ ከጭድና ከሣር ርቆ፣ ውሃ አርከፍክፈህ በስሱ አሰጣው። አየር ሲያገኝ ይግላል፤ ተከምሮ ከቀረ እሳት ሊይዝ ይችላል። መልሶ ሲቀላ ደግመህ ትጠቀምበታለህ።