ሃርፐርስ ፌሪ ለአንድ ቀን፦ መኪና የት ይቆማል? እናትስ ይችላሉ?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ለሁላችሁ። በሚመጣው ወር አንድ ቅዳሜ ዌስት ቨርጂኒያ ያለችውን ሃርፐርስ ፌሪን ለማየት አስበናል። አምስት ነን፦ እኔና ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆች (ትልቁ አራተኛ ክፍል፣ ትንሿ 6 ዓመቷ) እና ከአዲስ አበባ የመጡት እናቴ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በባቡር ይሻላል በመኪና? የጆን ብራውን ምሽግ የሚባለው እውነት ያው የድሮው ቤት ነው? ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሣበት ገደል ላይስ ልጆች ይዞ መውጣት ይቻላል?

መንገደኛው
ባቡሩን እርሱት። ማርክ የሚባለው የሜሪላንድ ባቡር እዚያ ይደርሳል፤ ግን የሠራተኛ ባቡር ነው። ጠዋት ወደ ዲሲ ይገባል፣ ማታ ከዲሲ ይወጣል፣ ቅዳሜና እሑድ ጭራሹን የለም። አገር አቋራጩ ባቡር አምትራክም በቀን አንዴ ነው፤ ከዲሲ የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ስትደርሱ ቀኑ አልቋል።

በመኪና በ270 አውራ ጎዳና እስከ ፍሬድሪክ፣ ከዚያ በ340 ወደ ምዕራብ። የፖቶማክን ወንዝ ስትሻገሩ ቨርጂኒያ ናችሁ፤ ትንሽ እንደነዳችሁ የሸናንዶዋን ወንዝ ድልድይ ታገኛላችሁ፣ ከሱ ወዲያ ዌስት ቨርጂኒያ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስልካችሁ ላይ የከተማዋን ስም ብቻ ከጻፋችሁ ከድልድዩ ወዲያው በቀኝ ወደ ታችኛው ከተማ ያወርዳችኋል። እዚያ ያለችው የባቡር ጣቢያው ትንሽ ፓርኪንግ ናት፤ ቅዳሜ በጊዜ ትሞላለች፣ መንገዱም ጠባብ ነው። ቀኙን ትታችሁ ዳገቱን አንድ ማይል ያህል ውጡና መብራቱ ላይ ወደ ግራ ታጠፉ። የፓርኩ የጎብኚዎች ማዕከል እዚያ ነው፤ ሰፊ ፓርኪንግ አለው፣ ሻትልም (የፓርኩ አውቶቡስ) ወደ ታችኛው ከተማ ያወርዳችኋል። በፈረንጅ ከጠዋቱ 10 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ በተለይ ኦክቶበር መጨረሻ ቅጠሉ ሲቀላ። ስትወርዱ የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ሾፌሩን ጠይቁ። ካመለጣችሁ ዳገቱን በእግር ነው።

መግቢያው ለአንድ መኪና 20 ዶላር ነው፣ 3 ቀን ያገለግላል። እናንተ ግን የአራተኛ ክፍል ልጅ አላችሁ፤ ለዚያ ክፍል ተማሪዎች የሚሰጥ የብሔራዊ ፓርኮች ነፃ ማለፊያ አለ። ኢንተርኔት ላይ ሞልታችሁ በወረቀት አትማችሁ ያዙ። ልጁ አብሮ እስካለ ድረስ መኪናው ውስጥ ያለውን ቤተሰብ ሁሉ ያስገባል።

ጥቁር ድንጋይ
ቤቱ ያው ነው፤ ቦታው ነው ያልሆነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እናት እንዳይደናገሩ።) የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካው የእሳት ማጥፊያ ጋሪ ማቆሚያ ነበር። በ1891 አፍርሰው ለ1893ቱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ቺካጎ ወሰዱት፣ በ1895 ተመልሶ መርፊ የሚባለው እርሻ ላይ ቆመ፣ በ1909 የጥቁሮች ትምህርት ቤት የነበረው ስቶረር ኮሌጅ ግቢ ገባ፣ በ1968 አሁን ወዳለበት ወረደ። የጥንት ቦታውን የባቡር ሐዲዱ የአፈር ድልድል ስለዋጠው 150 ጫማ ያህል ፈቀቅ ብሎ ነው ያለው፤ ትክክለኛውን ቦታ የድንጋይ ሐውልት ያመለክታል። ብዙ ሰው ቤቱን አይቶ ሐውልቱን ሳያይ ይመለሳል።

ጆን ብራውን 21 ሰው አሰልፎ ኦክቶበር 16 ቀን 1859 ሌሊት ፋብሪካውን ያዘ፤ ሐሳቡ ባሮችን ለማስታጠቅ ነበር። በዚያ ሌሊት መጀመሪያ የሞተው ግን ሄይዋርድ ሼፐርድ የሚባል ነፃ ጥቁር የባቡር ሠራተኛ ነው። ልጆቹ ይህን ከጠየቁ መልሱን አስባችሁ ሂዱ። ኦክቶበር 18 ቀን ማሪኖች (የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደሮች) የምሽጉን በር ሰብረው ብራውንን ያዙት፤ አዛዣቸው ሮበርት ሊ ነበር፣ ኋላ በእርስ በርሱ ጦርነት የደቡቡን ጦር የመራው። ብራውን ዲሴምበር 2 ቻርልስ ታውን ላይ ተሰቀለ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ከምሽጉ ይልቅ የሚበልጠው የ1906ቱ ነው። ጥቁሩ ምሁር ዱ ቦይስና ጓደኞቹ ለጥቁሮች መብት ትግል ስቶረር ተሰብስበው ሳለ፣ ቤቱ ያኔ ወደነበረበት እርሻ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ሄዱ፤ መሬቱ ቅዱስ ነው ብለው። ይህን ለእናት ማስረዳት አያስፈልግም።

ዳገት ወዳድ
ገደሉ ሜሪላንድ ሃይትስ ነው፤ ከታችኛው ከተማ ደርሶ መልስ 4.5 ማይል፣ 3 ሰዓት ያህል። በባቡሩ ድልድይ ጎን ያለውን የእግረኛ መተላለፊያ ተሻግራችሁ በጠመዝማዛ የብረት ደረጃ ትወርዳላችሁ (የሕፃን ጋሪ አይሆንም)፣ ከዚያ በቦዩ ዳር መንገድ ወደ ግራ። ውኃም ሽንት ቤትም የለም፣ ለሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ያዙ። ትልቁ ይችለዋል። የ6 ዓመቷን አልመክርም፤ አለቱ ጫፍ ላይ አጥር የለም፣ ስትወርዱም የረጠበ ቅጠል ያንሸራትታል። አቋርጣለሁ ብላችሁ ሳንዲ ሁክ መንገድ ዳር መኪና እንዳታቆሙ፣ ትቀጣላችሁ። ስትመለሱ የልጁን ካልሲና ብብት ለመዥገር እዩ።

ከላይ ስታዩት ከተማዋ ጉድጓድ ውስጥ መሆኗ ይገባችኋል። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ፣ በ1862፣ የደቡቡ ጄኔራል ጃክሰን መድፉን ዙሪያዋን ከፍታዎቹ ላይ ተከለ፤ 12,500 ያህል የሰሜን ወታደር እጁን ሰጠ።

መንገደኛው
አንዳችሁ ትልቁን ይዛችሁ ውጡ፣ አንዳችሁ ከእናትና ከትንሿ ጋር ቅሩ። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ጫፍ ከሻትሉ ብዙ አይርቅም፣ ሜዳ ነው። ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣው ደረጃ ግን ከተፈጥሮ አለት የተጠረበ ነው፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። ለእሳቸው ጉልበት አይሆንም። ይልቅ ማታ ስትወጡ በመኪና ቦሊቫር ሃይትስ ውሰዷቸው፣ ወንዙ ተራራውን የሰነጠቀበት ከዚያ ይታያል።

ውኃው ጸጥ ያለ ቢመስልም ልጆቹን እንዳታስገቡ፤ ታቹ ያልተስተካከለ አለት ነው፣ ድንገት ይጎደጉዳል፣ ጅረቱም ይወስዳል። ምሳ ከቤት ቋጥሩ፣ በተለይ ጾም ከሆነ። ለትንሿ ደግሞ ሸናንዶዋ ጎዳና ላይ ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን የጎርፍ ምልክቶች አሳዩአት፤ የ1936ቱ ከሁሉ በላይ ነው፣ 36.5 ጫማ።