ጸሎተ ሃይማኖትን በመዝሙር፦ የሴሲል አሌክሳንደር ዘዴ ለእኛ ልጆች ይሆናል?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከ5 እስከ 8 ዓመት ያሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጸሎተ ሃይማኖትን በቃላቸው ይወጡታል፤ ትርጉሙ ግን አይገባቸውም። አየርላንዳዊቷ ሴሲል ፍራንሲስ አሌክሳንደር ይህን በመዝሙር አስተምራለች ሲባል ሰምተናል። እንዴት አድርጋ ነው? መዝሙሮቿን ተርጉመን ብንጠቀምስ?

መልስ 1
ደብሊን በ1818 እ.ኤ.አ. ተወልዳ በ1895 ያረፈች፣ የአንግሊካን ምእመን ናት። ለሕፃናት የጻፈችው የመዝሙር መጽሐፍ በ1848 ሲወጣ ገና አላገባችም ነበር። ገቢው በሰሜን አየርላንዷ ከተማ ስትራባን ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ውሏል።

ዘዴዋ ለአንድ አንቀጽ አንድ መዝሙር ነው። «ሰማይና ምድርን የፈጠረ» ለሚለው አበባውንና ወፉን አመጣች፤ «ከድንግል ማርያም ተወለደ» ለሚለው የቤተ ልሔምን በረት፤ ለስቅለቱ ደግሞ ከከተማ ቅጥር ውጭ ያለ አረንጓዴ ኮረብታ። ልጁ መጀመሪያ በዓይኑ ያያል፣ ትምህርቱ ይከተላል።

የተሳሳተችበትም አለ። ስለ ፍጥረት በጻፈችው መዝሙር ሀብታሙን በግንቡ፣ ድሃውን በደጃፉ ያኖረ እግዚአብሔር ነው የሚል ስንኝ አስገብታለች። በ1906 የታተመው የእንግሊዝ መዝሙር መጽሐፍ ይህን ስንኝ ሰርዞታል፤ መሰረዙም ተገቢ ነው። የኑሮ ልዩነትን ከእምነት አንቀጽ ጋር ማስያዝ አይገባም።

መልስ 2
ትርጉሙን ተዉት፣ ዘዴውን ያዙ። የልደቱ መዝሙር ዜማ ሁለተኛ ድምፁ «ቲ» (ከ«ዶ» ሲቆጠር ሰባተኛው) ነው። በትዝታ ቅኝት ያደገ ልጅ «ዶ ሬ ሚ ሶል ላ» ነው የለመደው፤ እዚያ ሲደርስ ይንሸራተታል። ከዚህ የሚብሰው የቃሉ ጉዳይ ነው። «ይሰማል» ሲላላ እግዚአብሔር ያዳምጣል ነው፤ ሲጠብቅ ድምፅ ይሰማል ይሆናል። የባዕድ ዜማ የላላውን ያጠብቅባችኋል።

በሰንጎ መገን የግጥም ስልት (ስንኙ ለሁለት ተከፍሎ በየሐረጉ 5 ቀለም) ራሳችሁ ግጠሙ፦

ሰማይን ሠራው ያለ ምሰሶ
ምድርን አስጌጣት ሣርን አልብሶ

ግጥሙን ከማስጠናታችሁ በፊት የደብሩ መምህር ይየው፤ ዜማውም ከያሬዳዊው አይውጣ። እሷ የተከተለችው የሐዋርያትን የሃይማኖት መግለጫ ነው፤ የእኛ የኒቅያና የቁስጥንጥንያው ስለሆነ የአንቀጾቿን ቅደም ተከተል እንዳለ አትውሰዱ።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ከበሮውን መቼ እናስገባ?

መልስ 3
መጨረሻ ላይ። በአንድ ቀን ከ4 ስንኝ አትለፉ። መጀመሪያ ያለ ዜማ 3 ጊዜ በንባብ፣ ከዚያ በጭብጨባ፣ ከዚያ በዜማ። ከበሮ ከቀደመ ልጆቹ ምቱን ይይዙና ቃሉን ያጉተመትሙታል። እንደ ቡሄ አንዱ ያውጣ፣ ሌላው ይቀበል፤ የሚቀበሉት ሐረግ ሳይለወጥ ከተመለሰ ትንሹም አይቀርም።

ድምፁን የሚያነሣው ጎልማሳ ወንድ ከሆነ ዝቅ ብሎ ስለሚጀምር ልጆቹ ያጉረመርማሉ። ሴት ልጅ ወይም ከልጆቹ አንዱ ያንሣ። በዐቢይ ጾም ከበሮም ጸናጽልም ስለማይገባ ያን ጊዜ አዲስ ግጥም ለማስጠናት ተጠቀሙበት።