ዕጢው ከክትባቱ ሸሽቶ ነው ወይስ ድሮም መንገዱ ነበር?

ሰላም ወገኖች። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ሐሙስ ሴሚናር አለብኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ስላይድ ላይ ተቸንክሬያለሁ።

ርዕሴ ግሊዮብላስቶማ የሚባለው ክፉ የአንጎል ዕጢ በጂን ለውጥ ከሰውነት መከላከያ እንዴት እንደሚሰወር ነው። ፒቴን የሚባለው ጂን ሲጠፋ የሚሆነው ገብቶኛል። ሕዋሱ ፒዲ-ኤል-1 የተባለውን ፕሮቲን በብዛት ያወጣል፤ ሊገድለው የመጣው ቲ-ሴል የተባለው የመከላከያ ሕዋስ ፕሮቲኑን ሲነካ ይፈዛል። እዚህ ድረስ ሰላም ነው።

ያስቸገረኝ ኢጂኤፍአር-ቪ-3 ነው። ኢጂኤፍአር ከተባለው ጂን ኤግዞን 2 እስከ 7 የተባሉት ክፍሎች ተቆርጠው ሲወጡ የሚፈጠር ፕሮቲን ነው፤ ጤነኛ ሕዋስ ላይ አይገኝም። ለክትባት ከዚህ የተሻለ ዒላማ ከየት ይመጣል? ሪንዶፔፒሙት የተባለው ክትባት በዚሁ ላይ ተሠራ። በ2017 የታተመው የሦስተኛ ምዕራፍ ሙከራ ግን ክትባቱ ዕድሜ እንዳላራዘመ አሳየ። ዕጢው ሲያገረሽ ብዙዎቹ ላይ ዒላማው ጠፍቶ ተገኘ።

እኔም ደስ ብሎኝ "ዕጢው ከክትባቱ ሸሸ" ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ በቀይ እስክሪብቶ ከበበውና "ክትባቱን ያልወሰዱትስ?" ብሎ መለሰልኝ። ሄጄ ሳይ ለካ እነሱም ላይ በተቀራራቢ መጠን ጠፍቷል! አፈርኩ።

ታዲያ ይሄ ከመከላከያ ማምለጥ ይባላል? ወይስ ፕሮቲኑ ድሮም ሁሉም የዕጢው ሕዋስ ላይ ስላልነበረ፣ የሌላቸው በዝተው ነው? ሁለቱን ለመለየት ምን ማስረጃ ላቅርብ? እያንዳንዱን ሕዋስ ለየብቻ ያነበበ የጂን ምርመራ ይበቃል? ለጊዜው ስላይዱን ባዶ ትቼዋለሁ።